አሠሪ ያልተካልንን የሥራ ወጪ ከስቴት ግብር ላይ መቀነስ ይቻላል?

እናት ከፒትስበርግ | ማርች 3፣ 2025

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ነው። ጠዋት አንዷ ዘንድ እሠራለሁ፣ ቀትር ላይ ሌላው ጋ፣ አመሻሽ ላይ ሦስተኛው ጋ እደርሳለሁ። መኪናውም ነዳጁም የራሴ ነው። ኤጀንሲው ከታካሚ ወደ ታካሚ ለምነዳው መንገድ በማይል 30 ሳንቲም ይሰጠኛል። ዩኒፎርሙን ግን የምገዛው እኔ ነኝ፤ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮም በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። ታክስ የሚሠራልኝን ሰው ስጠይቀው «እሱማ በ2018 ቀርቷል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ደግሞ በየዓመቱ እንደምትቀንስ ትነግረኛለች። ማንን ልመን? ደመወዜ በደብልዩ-2፣ ማለት አሠሪ ለተቀጣሪ በሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ቅጽ፣ ነው።

ቆጣሪው | ማርች 3፣ 2025

እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰውየው የነገረሽ የፌደራሉን ነው። በዲሴምበር 2017 የወጣው የግብር ሕግ፣ ደመወዝተኛ ከኪሱ ያወጣውን የሥራ ወጪ ከ2018 እስከ 2025 ድረስ ከፌደራል ግብር ላይ እንዳይቀንስ ከልክሏል። የተረፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ተጠባባቂ ወታደሮች፣ መስፈርቱን ያሟሉ የመድረክ ባለሙያዎች፣ በአገልግሎት ክፍያ የሚሠሩ አንዳንድ የመንግሥት ሹሞችና በአካል ጉዳታቸው ምክንያት ለሥራ የተለየ ወጪ ያለባቸው ሠራተኞች።

ስቴቶች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ብዙዎቹ ፌደራሉን ተከትለው በሩን ዘጉ። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ሚኒሶታ፣ አላባማ፣ አርካንሶ፣ ሃዋይና ያንቺዋ ፔንሲልቬንያ አልዘጉም። ከእነዚህ ውስጥ ለደመወዝተኛ የምትመቸው ፔንሲልቬንያ ናት ብዬ አምናለሁ። ሌሎቹ ዘንድ ወጪው ከገቢሽ 2 በመቶ ካላለፈ አይቆጠርልሽም፤ ካለፈም በኋላ መደበኛውን ተቀናሽ፣ ማለት ያለ ደረሰኝ ለሁሉም የሚፈቀደውን ቁርጥ መጠን፣ ትተሽ ወጪሽን በዝርዝር ማቅረብ አለብሽ። ፔንሲልቬንያ መደበኛ ተቀናሽ የሚባል ነገር የላትም፣ የ2 በመቶ ወለልም የላትም። ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ከደመወዝሽ ላይ ይነሣል። ቅጹ ሼጁል ዩኢ ይባላል፤ ከስቴቱ የገቢ ግብር ቅጽ ከፒኤ-40 ጋር ተያይዞ ይገባል።

የሚቀነሰውን ልንገርሽ። ከቤትሽ ወደ መጀመሪያው ታካሚ፣ ከመጨረሻው ታካሚ ወደ ቤትሽ የምትነጂው አይቆጠርም፤ እሱ ወደ ሥራ መመላለስ ነው። በታካሚዎች መካከል ያለው ግን ይቆጠራል። የ2024 የፌደራል ተመን በማይል 67 ሳንቲም ነው። ኤጀንሲው 30 ሰጥቶሻል፤ 37ቱ ያንቺ ወጪ ነው። በዓመት 3,000 ማይል ነድተሽ ከሆነ 1,110 ዶላር ይመጣል። አሠሪሽ የግድ የሚለውና ከሥራ ውጭ የማይለበስ ዩኒፎርም ይጨመራል። የማኅበር መዋጮም ይጨመራል። ዩኒፎርሙን 180፣ መዋጮውን 450 ብንል ድምሩ 1,740 ዶላር ነው።

ተጠራጣሪው | ማርች 4፣ 2025

የፔንሲልቬንያ ግብር 3.07 በመቶ ነው። በ1,740 ላይ ሲሰላ 53 ዶላር። ለ53 ዶላር ብላችሁ ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ስታጠራቅሙ ቆይታችሁ፣ ከዚያ ከስቴቱ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ልትሯሯጡ ነው? እኔ እንኳን አልሞክረውም። በትርፍ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ብሠራ አገኘዋለሁ።

ቆጣሪው | ማርች 4፣ 2025

ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው፣ ግን አላለቀም። ከፊላደልፊያ ውጭ ያሉ የፔንሲልቬንያ ከተሞች የሚሰበስቡት የአካባቢ የገቢ ግብርም ይህንኑ የሼጁል ዩኢ ቅጂ ይቀበላል። ጠያቂያችን ፒትስበርግ ናት፤ እዚያ ከተማውና የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ አንድ ላይ 3 በመቶ ይወስዳሉ። ስለዚህ ሌላ 52 ዶላር አለ።

ደብዳቤውን በተመለከተ አልቃወምህም። ፔንሲልቬንያ ይህን ቅጽ ያያያዘን ሰው ማስረጃ መጠየቅ ይቀናታል። ማስረጃ ያለው ሰው ግን ልኮ ይገላገላል።

ሳባ | ማርች 4፣ 2025

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እናት ከፒትስበርግ፣ ባለትዳር ነሽ? ስንት ልጅ አላችሁ? የሁለታችሁ የዓመት ገቢስ ተደምሮ ስንት ይሆናል? በግምትም ቢሆን ይበቃኛል።

እናት ከፒትስበርግ | ማርች 5፣ 2025

ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ትምህርት ላይ ስለሆነ አይሠራም። የእኔ ደብልዩ-2 ወደ 33,500 ዶላር ነው። ለምን ጠየቅሽኝ?

ሳባ | ማርች 5፣ 2025

ምክንያቱም ያንቺ ጥቅም 53 ዶላር አይደለም።

ፔንሲልቬንያ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የግብር ምሕረት አላት፤ ሼጁል ኤስፒ በሚባል ቅጽ ይጠየቃል። ለባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር፣ ለዚህ ተብሎ የሚሰላው ገቢ ከ32,000 ዶላር ካልበለጠ የስቴት ግብሩ 100 በመቶ ይሰረዛል። ከዚያ በላይ በየ250 ዶላሩ ምሕረቱ በ10 በመቶ እየወረደ ሄዶ 34,250 ላይ 10 በመቶ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ካለፈ ምንም የለም።

አሁን ስሌቱን እዪው። በ33,500 ዶላር ግብርሽ 1,028 ዶላር ነው። ምሕረቱ 40 በመቶ ስለሆነ 617 ዶላር ትከፍያለሽ። የሥራ ወጪሽን 1,740 ስትቀንሺ ገቢሽ 31,760 ይሆናል፤ ከ32,000 በታች ገባሽ ማለት ነው። ምሕረቱ ሙሉ ይሆናል። የምትከፍዪው ዜሮ፣ ከደመወዝሽ ዓመቱን ሙሉ ለስቴቱ ሲቆረጥ የነበረው ሁሉ ተመላሽ። ሼጁል ኤስፒ የሚነሣው ከተቀነሰው ገቢ ስለሆነ ነው ይህ የሚሆነው። አንድ ነገር ግን አትርሺ፤ ለምሕረቱ ሲባል ግብር የማይከፈልባቸው አንዳንድ ገቢዎች፣ እንደ ውርስና ከፍ ያለ ስጦታ ያሉት፣ ይደመራሉ።

ተጠራጣሪው | ማርች 5፣ 2025

617 ዶላር ከሆነስ ደረሰኝ ማጠራቀሙ ያዋጣል።

እናት ከፒትስበርግ | ማርች 5፣ 2025

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሳባ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ይህን የምሕረት ቅጽ እንኳ ሞልቶልኝ አያውቅም። ግን የማይሉን ማስረጃ ከየት ላምጣ? መዝግቤ አላውቅም።

ሌሊት ፈረቃ | ማርች 6፣ 2025

እኔ ነርስ ከመሆኔ በፊት የቤት ለቤት ሥራ ሠርቻለሁ፤ መልሱ እጅሽ ላይ ነው። ታካሚ ቤት ስትደርሺና ስትወጪ በስልክሽ ታስመዘግቢ የለም? በሜዲኬድ፣ ማለት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ገንዘብ ለሚሠራ የቤት ለቤት እንክብካቤ ይህን የግድ ያለው የፌደራል ሕግ ነው። እያንዳንዱ ጉብኝት በቀን፣ በሰዓትና በቦታ ተይዟል። ኤጀንሲውን የዓመቱን የጉብኝት ዝርዝር አትሙልኝ በዪ፤ ከዚያ በካርታ በአድራሻዎቹ መካከል ያለውን ርቀት እየለካሽ ሰንጠረዥ ሥሪ። ቀን፣ ከየት፣ ወደ የት፣ ለምን፣ ስንት ማይል። ኤጀንሲው 30 ሳንቲሙን የከፈለበት ማይልም በክፍያ ወረቀትሽ ላይ ስለሚኖር ሁለቱ መመሳከር አለባቸው።

ቆጣሪው | ማርች 6፣ 2025

ሌሊት ፈረቃ ያለችው ወርቅ ነው። በዚያ ላይ ከአሠሪሽ አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጽፊ፤ በድርጅቱ ማኅተም ወይም አርማ ባለው ወረቀት ላይ፣ በራስሽ መኪና መንዳትና ዩኒፎርም መግዛት የሥራው ግዴታ መሆኑን፣ ስንት እንደሚከፍልሽና የቀረውን እንደማይተካልሽ የሚገልጽ። ስቴቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሁለት ሥራ ያላችሁ ደግሞ ለየአሠሪው የተለየ ሼጁል ዩኢ ሙሉ፤ የአንዱን ሥራ ወጪ ከሌላው ሥራ ደመወዝ ላይ መቀነስ አይቻልም። ባልና ሚስትም በአንድ ቅጽ አይደባለቁም።

አገር ቤት ደመወዝተኛ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ግብሩን አሠሪው ቆርጦ ያስገባል፣ ወጪ ቀንሱልኝ የሚባል የለም፤ ደረሰኝ የነጋዴ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ስንመጣ ደረሰኙን ከቦርሳችን አውጥተን የምንጥለው ከዚያ በተረፈን ልማድ ይመስለኛል።

የኦክላንድ ሹፌር | ማርች 8፣ 2025

ካሊፎርኒያስ? እኔ የአውሮፕላን ማረፊያ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ፣ ተቀጣሪ። ስልኬን ለሥራ እጠቀማለሁ፣ ሸሚዝና ጫማም ገዝቻለሁ። ገቢዬ 60,000 አካባቢ ነው፣ ያላገባሁ፣ ተከራይ።

ቆጣሪው | ማርች 8፣ 2025

ወንድሜ፣ ካሊፎርኒያ ከሆንክ ወደ ግብር ቅጹ ከመሄድህ በፊት ወደ አሠሪህ ሂድ። የካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ ቁጥር 2802 አሠሪ ለሥራው አስፈላጊ የሆነን ወጪ ለሠራተኛው እንዲተካ ያስገድዳል። የግል ስልክም ለሥራ የግድ ከተፈለገ ተገቢው ድርሻ ሊከፈልህ እንደሚገባ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 ወስኗል። ገንዘቡን በሙሉ ማግኘት እያለ ከግብር ላይ ጥቂት በመቶ መለመን ምን ያደርጋል? ደግሞም መጠየቅ እየቻልክ ሳትጠይቅ የተውከው ወጪ እንደ ተቀናሽ አይታይልህም።

ለማንኛውም ስሌቱ ይህ ነው። የ60,000 ሁለት በመቶ 1,200 ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው ብቻ ሼጁል ሲኤ በሚባለው የስቴቱ ቅጽ ላይ ይገባል። ከዚያ ዝርዝሩ በሙሉ የ2024ቱን የካሊፎርኒያ መደበኛ ተቀናሽ፣ ላላገባ 5,540 ዶላር፣ መብለጥ አለበት። የቤት ብድር ወለድ የሚከፍል ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። ተከራይ እምብዛም አያልፍም። በፌደራሉ መደበኛውን ወስደህ በካሊፎርኒያው ዝርዝሩን ማቅረብ እንደምትችል ግን ልብ በል።

የኦክላንድ ሹፌር | ማርች 9፣ 2025

እንዲህ ከሆነ ነገ አለቃዬን አናግረዋለሁ። ቁጥሩን ጽፌ ይዣለሁ።

ሌሊት ፈረቃ | ማርች 9፣ 2025

ኒውዮርክም ተመሳሳይ ነው፣ ቅጹ አይቲ-196 ይባላል። የራሴን ሳይሆን የሥራ ባልደረባዬን አምሳያ ላስላላችሁ። ገቢዋ 90,000 ከሆነ 2 በመቶው 1,800 ነው። የማኅበር መዋጮ 1,400፣ ዩኒፎርምና ጫማ 300፣ የፈቃድ ማደሻና የሙያ ኢንሹራንስ 150፣ ሥራዋን ለመቀጠል የወሰደችው ሥልጠና 500፤ ድምሩ 2,350። ከወለሉ በላይ የተረፈው 550 ዶላር ብቻ ነው። እሱም ዝርዝሩ በሙሉ ከስቴቱ መደበኛ ተቀናሽ፣ ላላገባ ከ8,000 ዶላር፣ ለባለትዳር ከ16,050፣ ሲበልጥ ነው የሚጠቅማት።

ዋናው ጥቅም ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኒውዮርክ ላይ የቤት ግብር በፌደራሉ ጣሪያ አይገደብም። ቤት ያላት ነርስ በፌደራሉ መደበኛውን ስለወሰደች በስቴቱም እንዲሁ ከተደረገላት ብዙ ቀርቶባታል። ከተማ ውስጥ ከሆነች የኒውዮርክ ከተማ ግብርም በዚያው በተቀነሰው ገቢ ላይ ነው የሚሰላው።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፦ በአንድ ቀን ከሆስፒታል ወጥታችሁ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሥራ የምትሄዱ ከሆነ፣ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው መንገድ እዚህ ይቆጠራል። ኒውዮርክ የምትሠራው ከ2018 በፊት በነበረው የፌደራል ሕግ ነው። የድልድይ ክፍያውም ይታሰባል።

ትንሽ ተማሪ | ማርች 10፣ 2025

እኔ ፊላደልፊያ ረዳት ነርስ ሆኜ እየሠራሁ ነርስ ለመሆን ኮሌጅ እማራለሁ። የትምህርት ክፍያውን እዚህ ቅጽ ላይ ማስገባት እችላለሁ? ጓደኛዬ አስገብታለች።

ቆጣሪው | ማርች 10፣ 2025

አይቻልም ልጄ። አሁን ባለሽ ሥራ ላይ ለመቆየት ሕግ ወይም አሠሪ ያስገደደሽ ሥልጠና ይቀነሳል። ወደ አዲስ ሙያ የሚያሻግርሽ ትምህርት አይቀነስም፤ ረዳት ነርስነትና ነርስነት ደግሞ ሁለት ሙያ ናቸው። ለክፍያሽ የተሻለው ቦታ ፌደራሉ ነው። የመጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ ከሆነና ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ከተመዘገብሽ እስከ 2,500 ዶላር፣ ካልሆነም በሌላኛው ዘዴ የክፍያሽን 20 በመቶ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ከግብሩ ራሱ ላይ ያነሱልሻል። ከገቢ ላይ ሳይሆን ከግብሩ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ማርች 11፣ 2025

እኛስ? ሜሪላንድ ነኝ፣ ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ እህቴ ዲሲ ናት።

ሳባ | ማርች 11፣ 2025

ሦስቱም ፌደራሉን ተከትለዋል፣ የለም። ጆርጂያና ኮሎራዶም እንዲሁ። ቴክሳስ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ስቴት ያሉ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ከደመወዛቸው የስቴት ገቢ ግብር ስለማይከፍሉ ጥያቄው አይነሣባቸውም።

ሚኒያፖሊስ | ማርች 11፣ 2025

እዚህ ቅጹ አለ፤ ኤም1ዩኢ ይባላል። የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው። መደበኛው ተቀናሽ ላላገባ ከ14,000 ዶላር በላይ ስለሆነ ዝርዝሩ አይደርስበትም።

ባለ መኪናው | ማርች 12፣ 2025

እኔ ኡበር ነው የምሠራው። 1099፣ ማለት ተቀጣሪ ላልሆነ ሠራተኛ የሚሰጠው የገቢ ቅጽ፣ ነው የሚመጣልኝ። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

ቆጣሪው | ማርች 12፣ 2025

አይመለከትህም፤ ደስ ይበልህ። አንተ በሕግ ዓይን ነጋዴ ነህ፣ ወጪህን በፌደራሉ ሼጁል ሲ ላይ ትቀንሳለህ። ለዚህ ግን የማይል መዝገብህ ከደመወዝተኛው ይበልጥ የተጣራ መሆን አለበት።

ተጠራጣሪው | ማርች 13፣ 2025

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ደረሰኝ እንኳን ሳይጠይቁ «የሥራ ወጪ 8,000» ብለው ክብ ቁጥር የሚሞሉ ታክስ ሠሪዎች በየሠፈሩ አሉ። ተመላሹ ከፍ ሲል ደንበኛው ይደሰታል፣ ዘመዱን ይዞ ይመጣል። ደብዳቤ የሚመጣው ግን ለደንበኛው ነው፤ ያኔ ሰውየው ስልክ አያነሣም። አንድ ጎረቤቴ ላይ ደርሷል፤ ተመላሹን ከነወለዱ መልሷል።

ቆጣሪው | ማርች 13፣ 2025

በክፍያ የፌደራል ግብር የሚሠራ ሰው የአይአርኤስ (የፌደራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) መለያ ቁጥር ሊኖረውና ቅጹ ላይ ሊፈርም ግድ ነው። «አንተ ራስህ እንደሠራኸው አድርገህ ፈርም» ካለህ ወረቀትህን ሰብስበህ ውጣ።

እናት ከፒትስበርግ | አፕሪል 9፣ 2025

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ሌላ ሰው ዘንድ ሄጄ አስገብቻለሁ። ኤጀንሲው የጉብኝት ዝርዝሩን ወዲያው ሰጠኝ፣ ደብዳቤው ግን «እኛ እንዲህ ያለ አንጽፍም» ተብሎ ነበር። የማኅበራችን ተወካይ ስትደውልላቸው በማግሥቱ ጻፉ። ያለፉትን ዓመታትስ ማስተካከል ይቻላል?

ሳባ | አፕሪል 9፣ 2025

ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ማስተካከያውን ከሼጁል ፒኤ-40ኤክስ ጋር ታስገቢያለሽ። የየዓመቱን ተመን አትቀላቅዪ፤ 2023 በማይል 65.5 ሳንቲም ነበር፣ 2022 እስከ ጁን 58.5፣ ከጁላይ ጀምሮ 62.5። በእነዚያ ዓመታት ገቢሽ ለምሕረቱ ይበቃ ከነበረ ሼጁል ኤስፒውንም አብረሽ አያይዢ።

ባለ ተስፋ | ኦገስት 18፣ 2025

ይህን ክር እንደገና ስላስነሣሁ ይቅርታ። በጁላይ በወጣው አዲስ ሕግ የሥራ ወጪ ተመለሰ ሲሉ ሰማሁ። ቲፕና የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከግብር ነፃ ሆኗል ይላሉ። እኔ ፊላደልፊያ መኪና ማቆሚያ ነው የምሠራው።

ቆጣሪው | ኦገስት 18፣ 2025

አልተመለሰም፣ እንዲያውም ተቀበረ። ከ2025 በኋላ ያበቃል ተብሎ የነበረውን ክልከላ ጁላይ 4 ቀን የተፈረመው ሕግ ቋሚ አደረገው። ከ2026 ጀምሮ ለመምህራን ብቻ ትንሽ መስኮት ተከፍታለች። ቲፕና የትርፍ ሰዓት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ በፌደራሉ ቲፕ እስከ 25,000፣ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ጭማሪው ክፍል እስከ 12,500 ዶላር ይቀነሳል፤ ገቢ ከፍ ሲል የሚፈቀደው መጠን ያንሳል። ፔንሲልቬንያ ግን አልተቀበለችውም፤ ቲፑም ትርፍ ሰዓቱም በ3.07 ይቆጠርብሃል። ስለዚህ ዩኢው አሁንም ያስፈልግሃል።

እናት ከፒትስበርግ | ኦገስት 20፣ 2025

ጋሽ ቆጣሪው፣ ክሩ ከተነሣ አይቀር ልጠይቅዎ። ኤጀንሲው ከዚህ ወር ጀምሮ ክፍያውን በማይል 45 ሳንቲም አድርጎታል። ዓመቱን እንዴት ልቁጠረው?

ቆጣሪው | ኦገስት 20፣ 2025

ለሁለት ክፈዪው። የ2025 ተመን 70 ሳንቲም ነው። እስከ ጁላይ መጨረሻ ለነዳሽው በማይል 40 ሳንቲም፣ ከኦገስት ወዲህ ላለው 25 ሳንቲም ያንቺ ወጪ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ኦገስት 1 ላይ መስመር አስምሪበት፤ ክፍያው የተቀየረበትን የኤጀንሲውን ማስታወቂያም ቅጂውን አያይዘሽ አስቀምጪ።